ዶሮ ወጡ አስፋልት ሲሻገር

የእኛ ኮንዶሚኒየም ባጃጆች አንድ ድንበር አላቸው፤ አስፋልቱ። ከብሎኩ በር ያነሱሃል፣ በኮብልስቶኑ ያንገጫግጩሃል፣ በዳቦ ቤቱ በኩል ያዞሩሃል፣ ዋናው መንገድ ጫፍ ሲደርሱ ቀጥ ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ሌላ አገር ነው። ማዶ የማዶዎቹ ባጃጆች ተሰልፈው ወደ እኛ ያያሉ፤ የእኛዎቹም ወደ እነሱ ያያሉ። ቀለማቸው ያው ሰማያዊ፣ እግራቸው ያው ሦስት፣ የሚያሰሙት ዘፈን እንኳ ያው ነው። መሻገር ግን ክልክል ነው። ጉልበቱ ደህና ለሆነና ባዶ እጁን ለወጣ ሰው ይህ ምንም ማለት አይደለም፤ ይወርዳል፣ ይሻገራል፣ ማዶ ሌላ ይሳፈራል። አክስቴ ግን ባዶ እጇን ከቤት ወጥታ አታውቅም።

የልጅ ልጇ ክርስትና የተደገሰው ከአስፋልቱ ማዶ ነበር። ደጋሾቹ ምግቡን ከሆቴል አዘዋል። ይህን የሰማች ቀን አክስቴ ምንም አልተናገረችም፤ በነጋታው ሽንኩርት መግዛት ጀመረች። በዕለቱ እኔን ስትጠራኝ በሩ ላይ የጠበቀኝ ጓዝ ይህ ነው፦ በነጠላ ጨርቅ ግጥም ተደርጎ የታሰረ ትልቅ የዶሮ ወጥ ድስት፣ አንድ ጀሪካን ጠላ፣ ክዳኑ በገመድ የተጠፈረ የእንጀራ መሶብ። ድስቱ ገና ትኩስ ነበር። ሆቴል የሠራውን ወጥ ለክርስትና ማቅረብ ምን ማለት እንደሆነ መንገድ ላይ ልትነግረኝ ቃል ገባችልኝ።

በስልክ የጠራሁት ታክሲ መጣ። ሹፌሩ ወርዶ ድስቱን አየ፤ ቀጥሎ የወንበሩን ልብስ አየ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ይሄ ከተደፋ ሽታው እስከ ፋሲካ አይለቅም» ብሎ ተመለሰ። አልተቀየምኩትም። የአክስቴን ቅመም ስለማውቀው እስከ ፋሲካ ማለቱ ራሱ ማሳነስ ነው።

እንግዲህ ባጃጅ። ባጃጅ በሕግ የሚጭነው ከኋላ ሦስት ሰው ነው። ከሹፌሩ ጎን በግማሽ መቀመጫው ተለጥፎ አንድ እግሩን ውጭ የሚያንጠለጥለው አራተኛው ሰውዬ ከሕጉ ውጭ ነው፤ እሱን ግን ከሕጉ ይልቅ አዘውትረን እናየዋለን። የባጃጁ ልጅ ጓዛችንን ቆጠረና «ሁለት ሰው፣ አንድ ድስት፤ ሞልቷል» አለ። አክስቴ ድስት ሰው አይደለም ብላ ተከራከረች። ልጁ ቦታ የያዘ ሁሉ ይከፍላል አለ። በመጨረሻ በኮንትራት ተስማማን፤ ድስቱ መሃላችን ተቀመጠ፣ መሶቡ እኔ ጭን ላይ፣ ጀሪካኑ ከሹፌሩ ጎን፣ ያ አራተኛው ሰውዬ በሚቀመጥበት ቦታ ሆነ።

ይህቺ ማሽን መጀመሪያ የተሠራችው ጣሊያን ነው። ፒያጆ የተባለው ፋብሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቬስፓን ካወጣ ወዲህ፣ በ1948 እ.ኤ.አ. ከኋላ ሁለት ጎማ ሰጥቶ ዕቃ ማመላለሻ አደረጋት። ሕንዶች ፈቃድ ወስደው ሰው ጫኑባት። ያኔ የነበራት ጠባይ ግን ዛሬም አልለቀቃት፤ ፊቷ ላይ አንድ ጎማ ብቻ ስለሆነ በፍጥነት ስትታጠፍ ክብደቱ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ከፊት የሚደግፈው የለም። ይህን ሁሉ ያነበብኩት በኋላ ነው። የተማርኩት ግን ዳቦ ቤቱ ጋ ነው። ልጁ ከፊቱ ብቅ ያለች ውሻ ላለመግጨት መሪውን ጠመዘዘ፤ ድስቱ ወደ አክስቴ፣ አክስቴ ወደ እኔ፣ እኔ ወደ ሸራው ሄድን፤ ኮብልስቶኑ ከብሎኩ ጀምሮ ሲንጠው የመጣው ጠላ ደግሞ ይህን ሲጠብቅ እንደኖረ ሁሉ ክዳኑን ፈንቅሎ ወጣ።

ጠላ ሲፈነዳ አይታችሁ ከሆነ ድምፁን ታውቁታላችሁ። ልጁ ከአንገቱ እስከ ጉልበቱ ራሰ። ባጃጁን ዳር አቁሞ ለጊዜው ምንም አላለም፤ ቆይቶ ቀስ ብሎ «ማዘር፣ እኔ እኮ ሙስሊም ነኝ» አለ። አክስቴ «አበስኩ ገበርኩ!» ብላ ከባጃጁ ወረደች። የሃይላንድ ውሃ አውጥታ እጅጌውን አጠበችለት፣ በነጠላዋ ጫፍ አበሰችው፣ ልጁ ከነመኪናው ከክፉ እንዲጠበቅ መረቀችው፤ ምርቃቱን እየሰማ መሳቅ ጀመረ። ስሙን ጠየቀችው፣ እናቱን ጠየቀችው፣ ስንት እህት እንዳለው ጠየቀችው። ጉዟችንን ስንቀጥል ኮንትራቱ ቀርቶ ዘመድ ሆነን ነበር። ሽታው ግን አልተመረቀም።

አስፋልቱ ጫፍ ደረስን። ልጁ ሞተሩን አጠፋ።

«የኔ ልጅ» አለች አክስቴ፣ «ማዶ ነው እኮ። ያ አረንጓዴ በር ይታይሃል? ድንኳን የተጣለበት?»

«ይታየኛል ማዘር።»

«ታዲያ?»

«አስፋልት ነዋ።»

«አስፋልቱ ምን ይላል?»

«አስፋልቱ ምንም አይልም፤ ትራፊኳ ናት የምትለው። ታርጋዬን ትፈታዋለች።»

ያኔ ነው ትራፊኳ ራሷ ወደ እኛ የመጣችው። ወጣት ናት፤ ዩኒፎርሟ የተተኮሰ፣ ንግግሯ የተቆጠበ። መንጃ ፍቃድ ጠየቀች፤ ልጁ ሰጣት። ልትመልስለት ጎንበስ ስትል አፍንጫዋ ቀደማት። ቀና ብላ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ጠጥተሃል?»

«ወላሂ አለቃ፣ እኔ አልጠጣሁም። እላዬ ላይ ነው የተጠጣው።»

አክስቴ ለምስክርነት ጣልቃ ገባች። ጀሪካኑን አሳየች፣ ክዳኑን አሳየች፣ ውሻዋን በእጇ አስመስላ አሳየች፣ የጌሾውን ዓይነት ሁሉ ተናገረች። ትራፊኳ ከንፈሯን ነክሳ ሰማቻት። ልጁን ለቀቀችው። በአስፋልቱ ጉዳይ ግን ወይ ፍንክች። ባጃጅ አይሻገርም። እኛ በዜብራው መሻገር እንችላለን፤ ማዶ ሌላ ባጃጅ እንይዛለን። ድስቱንስ? ድስቱንም ይዘን። አክስቴ ድስቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፤ ምን እያሰበች እንደሆነ ስለገባኝ ዓይኔን ወደ ማዶ አዞርኩ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳስብ አሁንም እስቃለሁ። የእጅ ጋሪ የሚገፋ ልጅ ከየት እንደመጣ ሳናውቅ አጠገባችን ቆመ፤ «ላሻግርልዎት?» አለ። ጋሪው ከአሮጌ መኪና የተፈታ ሁለት ጎማ ላይ ሳንቃ የተመታበት ነው። ታርጋ የለውም፣ ቦሎ የለውም፣ መብራት የለውም፣ መስተዋት የለውም። ፍሬኑ የልጁ ጫማ ነው። ትራፊኳ አንድ ጊዜ አየችው፤ «እሺ፣ በዜብራው» አለች። ታርጋ ያለው፣ ዓመታዊ ምርመራ ያለፈ፣ ፍሬንና መብራት የገጠመ፣ መንጃ ፍቃድ ያለው ሹፌር የያዘው ተሽከርካሪ ዳር ቆሞ እያየ፣ ምንም የሌለው ጋሪ አለፈ።

ማለፍ ብቻ አይደለም። ትራፊኳ የእናቷን ዕድሜ የምታህል ሴት ድስት ይዛ ስታይ ሆዷ ባባ መሰለኝ፣ ራሷ መሃል መንገድ ገብታ ሁለት እጇን ዘረጋች። የከተማ አውቶቡስ ቆመ። ሚኒባስ ቆመ። አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ እያቃሰተ ቆመ። ትራፊኳ ከፊት፣ ጋሪው ከኋላዋ፣ አክስቴ እጇን ድስቱ ላይ ጭና ከጎን፣ እኔ መሶብ ተሸክሜ ከመጨረሻው ሆነን በዚያ ሰፊ አስፋልት ላይ ተጓዝን። ታቦት የወጣ የመሰላቸው አንድ አዛውንት ከእግረኛ መንገዱ ላይ ኮፍያቸውን አወለቁ።

እንግሊዞች በ1865 ይህንኑ በሕግ ጽፈውት ነበር። በእንፋሎት የሚሄድ ሠረገላ በገጠር በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር፣ በከተማ ከ3 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ እንዳይሄድ፤ ሦስት ሰው እንዲያንቀሳቅሰው፤ ከሦስቱ አንዱ ወደ 55 ሜትር ቀድሞ ቀይ ባንዲራ ይዞ በእግሩ እንዲሄድና ባለፈረሶችን እንዲያስጠነቅቅ። የያኔው መንገድ የፈረስ ነው፤ መኪና የሚባለው ገና እንግዳና አስፈሪ ነገር ነበር። ሕጉ ቀስ በቀስ እየላላ ሄዶ በ1896 ፍጥነቱ ወደ 22 ኪሎ ሜትር ከፍ ሲል፣ ባለ መኪኖች ደስታቸውን ከለንደን እስከ ብራይተን በመንዳት ገለጹ። የእኛ ባንዲራ ያዥ ትራፊኳ ነበረች። ልዩነቱ እንግሊዞቹ ባንዲራውን ያስያዙት ለማሽኑ ሲሆን፣ እኛ ግን ማሽኑን ዳር አቁመን ለሳንቃው መያዛችን ነው።

መንገድ ባለቤቱን ሲቀይር ሁልጊዜ እንዲህ ነው። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ለዐፄ ምኒልክ ያስመጣው፣ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» ያለው የእንፋሎት መዳመጫ ከበቅሎ ሲቀድም አልታየም፤ መንገዱ ላይ ግን ሁሉም ቦታ ለቀቀለት። ደብረ ዘይት ልጅ ሆኜ የማውቀው የፈረስ ጋሪ የከተማው ታክሲ ነበር። ባለጋሪው ጅራፉን ሲያጮህ ሁሉም ገለል ይላል። ቆይቶ መኪና በዛ፤ ጋሪ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ግባ ተባለ። ውስጥ ሲገባ ባጃጅ መጣችበት፤ ፈጣኗ እሷ፣ ዘመናዊቷ እሷ። ባለ ባጃጆች ለባለ ጋሪዎች ምን ይሏቸው እንደነበር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሁን ያንኑ ቃል ሚኒባሶች ለባጃጆች ይሏቸዋል።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ በደንብ ጠብቋል። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ሳይክሎች በልዩ ፈቃድ ካልሆነ በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ተከለከሉ። የካቲት 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ባጃጆች በጠቅላላ እንዲቆሙ ተደረገ፤ ጠዋት ተነስቶ ሥራ ሊሄድ የወጣ የኮንዶሚኒየም ሰው ሁሉ ያን ሳምንት በእግሩ ያስታውሰዋል። በኋላ ቅድመ ሁኔታ እየተደረገ፣ የሚሠሩበት ሰፈርና መንገድ እየተወሰነ ተመለሱ። በክልል ከተሞችም የማታ ሰዓት ገደብ ሲጣል፣ ሲነሳ፣ ተመልሶ ሲጣል የኖረ ነው።

ለባጃጆች ጥብቅና ልቆም አይደለም። በተቃራኒ መስመር የሚመጡብኝ እነሱ ናቸው። እግረኛ መንገድ ላይ ወጥተው ክላክስ የሚያደርጉብኝ እነሱ ናቸው። ሰው ሲሞላ ታሪፉን ረስተው ሰው ሲጎድል የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው። ከዋናው መንገድ ይራቁ ማለትም ምክንያት አለው፤ አደጋውን የሚያከፋው ቀርፋፋ መሆን ብቻ ሳይሆን በቀርፋፋውና በፈጣኑ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከሲኖትራክ ፊት ዳገት ላይ በሦስት ሰውና በአንድ ድስት የምታቃስት ባጃጅ እንድትሄድ የሚፈልግ ሰው ያቺን ባጃጅ ተሳፍሮ አያውቅም። ነገር ግን በአስፋልት ላይ መሄድና አስፋልትን መሻገር ሁለት ነገር ነው። ትራፊኳ ይህን ታውቃለች፤ ባታውቀው ኖሮ መሃል መንገድ ገብታ እጇን አትዘረጋልንም ነበር። የሚሠራበትን መመሪያ የጻፈው ሰው ግን መስመሩን ሲያሰምር ካርታ ላይ ሆኖ ነው፤ ካርታ ላይ ደግሞ ድስት የያዘ ሰው አይታይም።

ድንኳኑ ውስጥ ከገባን በኋላ አክስቴ ታሪኩን ስንት ጊዜ እንደነገረችው አልቆጠርኩም፤ በተነገረ ቁጥር ግን ሲኖትራኩ ይበዛ ነበር። አትላንታ ያለው ልጇ በስልክ ቪዲዮ ገባ፤ ለእሱም ነገረችው። ልጁ ሳቀና እሱ ካለበት በስተደቡብ ፒችትሪ ሲቲ የምትባል ከተማ እንዳለች አወራን። እዚያ ሰው ሁሉ በጎልፍ ጋሪ ነው የሚሄደው። ገበያ በሱ፣ ቤተ ክርስቲያን በሱ፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንኳ ትምህርት ቤታቸው ድረስ ይነዱታል፣ ማቆሚያም ተሠርቶላቸዋል። ለጋሪ፣ ለእግረኛና ለብስክሌት የተነጠፈ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አላቸው፤ ትልቁን አውራ ጎዳና ሲደርሱ ከሥሩ በዋሻ፣ ከላዩ በድልድይ ያልፋሉ። ቪዲዮ ላከ። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ አየች።

«ይሄማ ባጃጅ ነው» አለች፣ «አንድ እግር ተጨምሮለት።»

«ጎልፍ ጋሪ ነው እማ።»

«ለጋሪ ዋሻ ቆፈሩ?»

«ቆፈሩ።»

ወደ ክርስትናው አባት ዞር አለችና በዕድሜዋ ሁሉ የሰማችው የአሜሪካ ወሬ አንድ ላይ ሆኖ የዚህን ያህል እንዳላስቀናት ተናገረች።

እኔ ደግሞ በነገሩ ስለተያዝኩ ከክርስትናው በኋላ ሕጋቸውን ፈልጌ አነበብኩ። ታሪኩ የሚጀምረው ከጡረተኞች ነው። አሪዞናና ካሊፎርኒያ ፀሐይ ሊሞቁ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከጎልፍ ሜዳው በዚያው ጋሪያቸው ወጥተው ሱቅ መሄድ ጀመሩ። ፖሊስ ምን ያድርግ? መኪና እንዳይለው መኪና አይደለም፣ መጫወቻ እንዳይለው ውስጡ የሰው አያት አለ። በ1998 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት 500 ቁጥር የተሰጠውን የደህንነት ደንብ አወጣ፤ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት ከ32 እስከ 40 ኪሎ ሜትር የሆነ ባለ አራት እግር ሁሉ «ዝቅተኛ ፍጥነት ተሽከርካሪ» ተብሎ የራሱ መደብ ተሰጠው። የፊትና የኋላ መብራት፣ ፍሬቻ፣ መስተዋት፣ የእጅ ፍሬን፣ የፊት መስታወት፣ የደህንነት ቀበቶ፣ የሻንሲ ቁጥር ይኑረው ተባለ። ከዚያ በታች የሚሄደውን፣ የትኛው መንገድ ላይ ማን ይነዳ የሚለውንም ለየክፍለ ግዛቱ ተዉት።

ካሊፎርኒያ የጻፈችውን ሳነብ ግን ከወንበሬ ተነሳሁ። የፍጥነት ወሰኑ ከ56 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ በሆነ መንገድ ላይ እንዲህ ያለው ተሽከርካሪ መሄድ አይችልም፤ እስከዚህ የእኛው ነው። ቀጥሎ ግን፣ መሻገር ይችላል፤ የሚነሳበትም የሚደርስበትም መንገድ ዝቅተኛ ፍጥነት ያለው ከሆነ፣ መስቀለኛ ላይ ከሆነ፣ መሻገሪያውም 90 ዲግሪ ገደማ ከሆነ። አለቀ። ዋሻ የለም፣ ድልድይ የለም፣ የውጭ ምንዛሪ የለም። አንድ አንቀጽ ነው። አንድ ሰው፣ ምናልባት አክስቱን አስታውሶ፣ ሰው ማዶም ዘመድ ሊኖረው ይችላል ብሎ አሰበ።

እኛ ጋ ይሠራል ወይ ብትሉኝ፣ እንደ ወረደ አይሠራም። መስቀለኛዎቻችን ብዙዎቹ መብራት የላቸውም፤ ያላቸውም መብራት በሌለ ቀን ማንም አይሰማቸውም። ባጃጅ እንድትሻገር የፈቀድክላት ቀን መሃል ላይ ስትደርስ ሐሳቧን ቀይራ በአስፋልቱ ቁልቁል እንደማትወርድ ዋስ የሚሆን የለም። እኔ ራሴ አልሆንም። ስለዚህ ሰፈርን ከሰፈር የሚያገናኙ ጥቂት ቦታዎች ተመርጠው፣ ቀለም ተቀብተው፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ትራፊክ ቆሞባቸው ቢሞከር ይሻላል። ትራፊኳ እንደሆነች ለእኛ ቆማለች፤ ለሳንቃ ከቆመች ለሦስት ጎማ ብትቆም ድካሙ ያው ነው። ደግሞ ጊዜው እየሄደ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ በባትሪ የሚሄድ ነገር በየዓይነቱ እየመጣ ነው፤ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት፣ ባለ አራት እግር፣ አንዳንዱ ድምፁ እንኳ የማይሰማ። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ባለ አራት እግር ትንሽዬ አለች፤ በር አላት፣ መስኮት አላት፣ ፍጥነቷ የባጃጅ ነው። ጎማ በመቁጠር ከሆነ አስፋልቱ ላይ መሄድ ትችላለች፤ በፍጥነቷ ከሆነ አትችልም። ባለቤቱን ስጠይቀው እስካሁን የጠየቀው ሰው እንደሌለ ነገረኝ።

የጋሪው ልጅ ሒሳብ ሲጠየቅ ከባጃጁ ኮንትራት አስበልጦ ነው የጠራው። የባጃጁ ልጅ ከብሎኩ እስከ አስፋልቱ ያመጣን ነው፤ እሱ ግን አስፋልቱን አሻገረ። አክስቴ አልተከራከረችም፤ ዋጋው ውስጥ ትራፊኳም እንዳለች ገብቷታል። ለባጃጁ ልጅ ደግሞ በትንሽ ሳህን ያለ ጠላ፣ ማለትም ወጥ ብቻ፣ በሰው ላከችለት፤ የክርስቲያን ሥጋ እንደማይበላ አንድ የድንኳኑ ሰው ሲነግራት ሳህኑን አስመልሳ በሽሮና በአይብ ቀየረችው።

ማታ ላይ እንውጣ ስላት አክስቴ ከድንኳኑ ደፍ ሆና አስፋልቱን አየች። ትራፊኳ ፈረቃዋ አልቆ ሄዳለች። የእጅ ጋሪው የለም። መኪናው እንደጉድ ይከንፋል። ማዶ፣ በእኛ በኩል፣ ሰማያዊዎቹ ባጃጆች መብራታቸውን አብርተው ተሰልፈዋል፤ ጠላ የፈሰሰበት የቱ እንደሆነ ከዚህ አይለይም።

«አንተ ሂድ» አለችኝ። «እኔ እዚሁ አድራለሁ። ድስቱም አልታጠበም።»

ያደረችው ግን አንድ ሌሊት አይደለም። አራሷን ታርሳለች፣ ገንፎ ታገነፋለች፣ ሆቴል የሠራውን ወጥ በተመለከተ ያልጨረሰችውን ንግግር ለምራቷ ትጨርስላታለች። ስደውልላት መቼ እንደምትመለስ ትነግረኛለች፤ እነሱ ጉዳዩን ሲጨርሱ። እነማን? ብላት፣ «እነዚያ አስፋልቱን የሚያውቁት» ትላለች።